ድመቷ ምን አደረገች?

ኤሊሸቫ ያንን ውሸት የዋሸችው በምሳ ሰዓት፣ ሁለት አሮጊቶች ፊት ተቀምጣ ነው። ማንንም ለመጉዳት ብላ አልነበረም። እንዲያውም እናቷን ያዳነች መስሏት ነበር።

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ነው። ኤሊሸቫ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ስለ ሕዝቦች ልማድ የሚያስተምራቸው ዶክተር ኖአም ለተማሪዎቹ ሁሉ ጥናት ሲያዝ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «አንቺ ለምን ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች አትሠሪም? ሀብቱ ቤትሽ ውስጥ ተቀምጦልሻል» አላት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መምህር ሁሉ የሚላት ይህንኑ ነበር። የአገር ልብስ ለብሰሽ ነይ፣ እስክስታ አሳዪን፣ አያትሽን ጋብዢልን። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ሲያያት ጆሮዋ ድረስ ይግላት ነበር። ስለዚህ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ስለ እንግሊዞችና ስለ ሩስያውያን ነው የምሠራው። የሁለቱን አጉል እምነት ላወዳድር ነው።»

በዚህ ጥናት ማንም ዞሮ እሷን እንደማያያት እርግጠኛ ነበረች።

ናታንያ ውስጥ ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባሕሩ ዳር ካሉት አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ ሩስኛ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ እንግሊዝኛ ይሰማል። እናቷ ዓይናዲስ ደግሞ የምትሠራው አረጋውያን በሚውሉበት ሞአዶን ነው። ሽማግሌዎቹ ጠዋት መጥተው፣ ካርታ ተጫውተው፣ ምሳ በልተው ከሰዓት ይበተናሉ። እሷ ምሳ ታቀርባለች፣ ዕቃ ታነሣለች፣ ታጥባለች።

«እኔ ዘንድ ሁለቱም አሉልሽ» አለቻት። «ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት፤ ግን አንድ ቀን ማዕድ ተለያይተው አያውቁም። ነይና ጠይቂያቸው። ልጄ ተማሪ ናት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

እንግሊዟ ሙሪየል ይባላሉ። ማንቸስተር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፒያኖ ያስተማሩ፣ ከንፈራቸውን ሳይቀቡ ከቤት የማይወጡ ቀጭን ሴት ናቸው። ሩስያዊቷ ሪማ ደግሞ ሳራቶቭ የሚባል ከተማ ውስጥ የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ፤ ትከሻቸው ሰፊ ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በዕብራይስጥ ነው፤ የሁለቱም ዕብራይስጥ ስብርብር ያለ ነው። ኤሊሸቫ ስልኳን ለመቅጃ ጠረጴዛው ላይ አኑራ ደብተሯን ዘረጋች።

«ከድመት እንጀምር» አሉ ሪማ። «ጥቁር ድመት መንገድሽን ካቋረጠችሽ ወደ ቤትሽ ተመለሺ። አለቀ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ሙሪየል። «እኛ ዘንድ እኮ መልካም ገድ ናት! በሠርጌ ቀን ጠዋት ደጃፋችን ላይ ጥቁር ድመት ቁጭ ብላ ተገኘች፤ እናቴ በደስታ አለቀሰች።»

«ለዚህ ነዋ ባልሽ ጥሎሽ የሄደው።»

«ድመቷ የመጣችው ለእኔ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። ደስ ብሎኝ የኖርኩት እሱ ከሄደ ወዲህ ነው።»

እንዲህ እየተባባሉ ቀጠሉ። ሪማ አበባ የሚሰጠው ቁጥሩ ጎዶሎ ሆኖ ነው፣ ሙሉ ቁጥር ለሬሳ ነው አሉ። ሙሪየል ለቁጥሩ ግድ አልነበራቸውም፤ ቀይና ነጭ አበባ አንድ ላይ ታስሮ በሽተኛ ክፍል ከገባ ግን ሰው ይሞታል ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። ሪማ በር ደፍ ላይ ቆሞ መጨባበጥ ጠብ ያመጣል አሉ። ሙሪየል አዲስ ጫማ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም አሉ።

«ቢቀመጥስ ምን ይሆናል?» ጠየቁ ሪማ።

«ሞት ይጠራል።»

«እኔ መሐንዲስ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር አላምንም።»

«ድመቷንስ?»

«ድመቷ ሌላ ነው። ድመቷ የተረጋገጠ ነው።»

ኤሊሸቫ እየሳቀች ትጽፍ ነበር። ቀጥሎ ሙሪየል ጨው የደፋ ሰው ቆንጠር አድርጎ በግራ ትከሻው ወደ ኋላ መበተን አለበት ሲሉ፣ ሪማ በደስታ ጠረጴዛውን መቱት። እነሱ ዘንድም ክፉ ነገር ከአፉ ያመለጠው ሰው በግራ ትከሻው በኩል ሦስት ጊዜ ይተፋል። «አየሽ? ሰይጣኑ በሁለቱም አገር በግራ ነው የቆመው! ይሄን ጻፊ!» አሉና ለማሳየት ወደ ግራ ዞረው «ትፉ፣ ትፉ፣ ትፉ» አሉ።

በዚያች ቅጽበት ዓይናዲስ የሾርባ ሳህን የተደረደረበት ትሪ ይዛ በግራ በኩል ደርሳ ነበር።

ባለችበት ቆመች። ትሪው ላይ ያሉት ሳህኖች ተንቀጫቀጩ።

«በአንቺ አይደለም ዓይናዲስ፣ በሰይጣኑ ነው!» አሉ ሪማ እየሳቁ።

ዓይናዲስ በከንፈሯ ብቻ ፈገግ አለች። ሾርባውን አስቀመጠች፣ ዳቦውን አስጠጋች፤ ሁለቱ ማንኪያ ሲያነሡ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፊቷን አዞረች።

ሙሪየል ወደ ኤሊሸቫ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ዝቅ ያደረጉት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ስንበላ ለምንድን ነው የማታየን? እዚህ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሾርባ ጨምሪልኝ ስላት እንኳ ጣሪያ ጣሪያ እያየች ነው የምትጨምርልኝ። አንድ ቀን ጭኔ ላይ ደፋችብኝ። አስቀይመናት ይሆን?»

ኤሊሸቫ አንገቷ ሲግል ተሰማት። ቤትም እንዲሁ ነበረች እናቷ። ምግብ ታቀርብና ወደ ዕቃ ማጠቢያው ትዞራለች፤ ራሷ የምትበላው ሁሉም ሲነሣ፣ ቆማ ነው። ኤሊሸቫ የገጠር ዓይን አፋርነት ነው ብላ ትታው ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ጓደኞቿ «እናትሽ አኩርፋ ነው?» ሲሏት ያልሰማች መስላ ነበር። አሁን ደግሞ እነዚህ ሁለት ሴቶች እናቷን ባለጌ ወይም ጅል ሊሏት ነው። ከዚያ ለማዳን አንድ ነገር ማለት ነበረባት፤ ፊቷ የተዘረጋው ደብተር ደግሞ በገድ የተሞላ ነበር።

«አይ፣ አይደለም» አለች። «ይሄ የእኛ ገድ ነው። እኛ ዘንድ የሚበላ ሰው አፍ ያየ ጥርሱ ይረግፋል ይባላል።»

ከየት እንደመጣላት አታውቅም።

«ለካ!» አሉ ሙሪየል እጃቸውን አጨብጭበው። «ለዚህ ነዋ ጥርሷ እንዲህ የሚያምረው!»

ሪማ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኤሊሸቫም አብራ ሳቀች። የዓይናዲስ ጀርባ ንቅንቅ አላለም።

ከሰዓት እናትና ልጅ ወደ ሰፈራቸው ወደ ዶራ በአውቶቡስ አብረው ተመለሱ። ዓይናዲስ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመስኮት ታይ ነበር። አውቶቡሱ ጥቂት እንደሄደ፣

«ያቺ ድመት ግን ምን አደረገች?» አለች።

«የቷ ድመት?»

«ጥቁሯ ናታ። አንዷ ስታያት ትስቃለች፣ ሌላዋ ስታያት ትሸሻለች። ድመቷ ራሷ ምን አድርጋ ነው?»

«ምንም አላደረገችም እማ። መንገድ ነው የተሻገረችው።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነው» አለች ዓይናዲስ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ስለ ጥርሱ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ኤሊሸቫ ጥናቱን ስትጽፍ ያቺን ነገር መጨረሻ ላይ በሦስት መስመር አስገባቻት። ምናልባት ሁለቱ ሴቶች ሲስቁ የተሰማት ሙቀት አልለቃት ብሎ ይሆናል። ዶክተር ኖአም ረቂቁን ሲመልስላት ስለ ድመቷና ስለ ጨው ምንም አላለም። በሦስቱ መስመሮች ጎን ግን በቀይ «ዕንቁው ይሄ ነው! አስፊው!» ብሎ ጽፎ ነበር። ኤሊሸቫ የኮሌጁን በር ከረገጠች ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ተጽፎላት አያውቅም። ሦስቱን መስመር ገጽ ተኩል አደረገቻቸው። በየትኛው ወረዳ እንደሚባል፣ ለልጆች እንዴት እንደሚነገር ፈጠረች። ከገጹ ግርጌ «መረጃ ሰጪ፦ ሴት፣ አርባ ሰባት ዓመት፣ የትውልድ ቦታ ጎንደር» ብላ እናቷን ምስክር አደረገቻት።

የሞአዶኑ ኃላፊ ጋዲ ስለ ጥናቱ ከሙሪየል ሰማ። ኤሊሸቫ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ መጥታ ለሁሉም እንድትናገር ጋበዛት። ዓይናዲስ ያን ቀን ጠዋት አዲስ ሽርጥ ለብሳ ሄደች፤ ልጇ ንግግር ታደርጋለች።

አርባ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ኬክ እየተቆረሰላቸው ተቀምጠዋል። ኤሊሸቫ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ያን ጊዜ ፊደሉ ራቃት። ስለ ግራ ትከሻ አነበበች፣ ስለ አበባ አነበበች። አንዱ አዛጋ። ሁለት ሴቶች ስለ መድኃኒት ማውራት ጀመሩ። ሪማ ብቻ ልክ ነው ለማለት «ናኮን፣ ናኮን» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። የምትይዘው ነገር ያጣ ሰው ባገኘው እንደሚንጠለጠል፣ ኤሊሸቫም ወረቀቱን ትታ ቀና አለችና፣

«ሩቅ ምን አስኬደን?» አለች። «እስኪ እናቴን እዩዋት። ስትበሉ አይታችሁ ታውቃለች?»

አርባው ራስ በአንድ ጊዜ ዞረ። ዓይናዲስ የሻይ ጀበናውን ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች፤ እንደ ልማዷ ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው። ኤሊሸቫ ስለ ጥርሱ ተናገረች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጡት ሽሙኤል የሚባሉ ሽማግሌ፣ የሞአዶኑ ቀልደኛ፣ በሹካቸው የወጉትን ኬክ ከፍ አድርገው ያዙ።

«ዓይናዲስ! ነይ እዪኝ፣ እየበላሁ ነው! እስኪ ጥርስሽ ሲረግፍ እንይ!»

«ተዋት ሽሙኤል፣ የጥርስ ሐኪም ውድ ነው!» አለ ሌላው።

ሌሎችም ሹካቸውን አነሡ። አንዱ «ዓይ-ና-ዲስ! ዓይ-ና-ዲስ!» እያለ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሚወዷት ሴት ናት።

ዓይናዲስ ዞረች። ኤሊሸቫ ያንን ፊት አይታው አታውቅም። የአዋቂ ሰው ፊት አልነበረም፤ በትር እስኪያርፍበት የሚጠብቅ የሕፃን ፊት ነበር። ዓይኖቿ ወለሉ ላይ ናቸው። አፏን በሽርጧ ሸፍና፣ ጀበናውን እንደያዘች ወደ ማድ ቤቱ ገባች።

«እየሳቀች ነው!» አሉ ሙሪየል ደስ ብሏቸው።

እየሳቀች እንዳልነበረ ኤሊሸቫ ታውቃለች። የጀበናው ክዳን ሲንቀጫቀጭ ሰምታለች። ንግግሯን ግን ጨረሰች። ወረቀቱን አንሥታ፣ ስለ ጃንጥላና ስለ ፉጨት የቀረውን አንድ ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ሲያጨበጭቡላትም አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነች። ከሁሉ በላይ የምታፍረው በዚህ ነው።

ዓርብ ጠዋት የእናቷ ታላቅ ወንድም አያ ዘመዱ ከክፋር ዮና መጡ። ከጓሯቸው ቃሪያና ቲማቲም ይዘው መምጣት ልማዳቸው ነው። ዓይናዲስ ለሰንበት የሚጎድል ነገር ልትገዛ ወጥታ ነበር። ኤሊሸቫ ዳቦና ሻይ አቀረበችላቸውና እሳቸው ሲቆርሱ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አያ ዘመዱ፣ እማ ሰው ሲበላ ለምንድን ነው የማታየው?»

ሽማግሌው የቆረሱትን ዳቦ መልሰው አስቀመጡት።

«አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም።»

 ከዚያ በለሆሳስ፣ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ይመስል በሩን በሩን እያዩ ነገሯት።

«አባታችን ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ እናታችን ሸክላ ሠሪ። ይሄን ታውቂያለሽ። የአገሩ ሰው ማረሻውን ከእኛ ይገዛል፣ ማሰሮውን ከእኛ ይገዛል፤ ማታ ማታ ግን ቡዳ ናቸው ይለናል። ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይለናል። እናትሽ ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የጎረቤት ልጅ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል፣ እሷ ቆማ ታየዋለች። ልጅ ልጅን አየ፣ ሌላ ምን አለው? ማምሻውን ያ ልጅ ታመመ፤ ተንፈራገጠ፣ ጮኸ። በላችው አሉ። የቀጥቃጩ ልጅ በላችው።»

አያ ዘመዱ የዳቦውን ሳህን ገፋ አደረጉ።

«መጥተው ወሰዷት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ልጃቸው ታሞባቸው፣ ፈርተው ነው። አባቴ እየለመነ ተከተለ፣ እኔም ተከተልኩ። ከግንባሯ ላይ ጠጉሯን ቆርጠው አጨሱና ልጁን አጠኑት። ከዚያ ሦስት ጊዜ እንትፍ በይበት አሏት። ቡዳው ካልተፋበት አይለቀውም ይባላላ። ከድንጋጤ ብዛት አፏ ደርቆ ምራቅ አጣች። እምቢ አለች ብለው አገጯን ይዘው ጨመቋት። እንግዲህ እንደምንም ተፋች።»

«ልጁስ?»

«ድኖ ተነሣ እንጂ! በማግስቱ ሲሮጥ ታየ። የባሰው እሱ ነው። ቢሞት ኖሮ በሽታ ነው የሚል አይጠፋም ነበር፤ ሲድን ግን እውነትም እሷ ናት ተባለ። ከዚያ ወዲያ እናታችን ሰው ሲበላ ፊትሽን አዙሪ እያለች አስተማረቻት። እያየሽ አትውጪ፣ እያየሽ አትግቢ። ኢየሩሳሌም ስንገባ ይቀርላታል ብለን ነበር።» ሻያቸውን አነሡ። «ምነው ጠየቅሽኝ?»

ኤሊሸቫ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። የሹካዎቹን ነገር፣ የጭብጨባውን ነገር። «ለትምህርት ነው» ብቻ አለች።

«ለትምህርትማ እንዳታደርጊው» አሉ አያ ዘመዱ። «ይሄ የእሷ ነው። እሷ ካላወጣችው ማንም አያወጣውም።»

ኤሊሸቫ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ሪማ ወደ ግራ ዞረው ሲተፉ ትሪው ላይ የተንቀጫቀጩት ሳህኖች ጆሮዋ ውስጥ ነበሩ። እሷ ያን ጊዜ እስክሪብቶ ይዛ ትስቅ ነበር። ድመቷ ምን አደረገች ብላ የጠየቀቻትን እናት፣ መንገድ ነው የተሻገረችው ብላ መልሳላት ስልኳን ማየት ጀምራ ነበር።

በሳምንቱ መጀመሪያ ዶክተር ኖአም ዘንድ ሄዳ ገጽ ተኩሉን እንደፈጠረችው ነገረችው። ፊቱ ተለወጠ። ከሁሉ የከፋው የተማሪ ጥፋት ይህ መሆኑን፣ ጥናቱን ያለዚያ ክፍል ብትመልስ እንደሚቀበላት፣ ውጤቷ ግን እንደሚቀነስ ነገራት። ከዚያ ጥቂት አሰበና፣ «እና እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያት አይጠፋም፤ እሱን ጻፊ» አላት።

«አላውቀውም» አለች። ይህም ውሸት ነበር፤ ይህኛው ግን አላሳፈራትም።

የቀረው ሞአዶኑ ነበር። እዚያ የተነሣው ሹካ አሁንም አልወረደም። ሽሙኤል በየምሳው «ጥርስሽን ጠብቂ!» ይላሉ፣ ዓይናዲስም በከንፈሯ ፈገግ ትላለች። ኤሊሸቫ ይህን ከጋዲ ሰማች፤ እንደ መልካም ዜና ነበር የነገራት።

በማግስቱ ወደ ሞአዶኑ ስትሄድ አበባ ገዛች። ሱቁ ውስጥ ቆማ ለረጅም ጊዜ መረጠች። ለሪማ ብላ ጎዶሎ ቁጥር፣ አምስት አደረገችው። ለሙሪየል ብላ ቀይና ነጭ እንዳይቀላቀል ሁሉንም ቢጫ አደረገችው። አበባውን ታቅፋ አስፋልቱን ስትሻገር ነው የገባት። ሪማን የሚያስደነግጣቸውን ታውቃለች፣ ሙሪየልን የሚያስከፋቸውን ታውቃለች፤ ሁለቱንም ደብተሯ ላይ በቁጥር አስፍራዋለች። ሃያ ሦስት ዓመት አብራት የኖረችውን ሴት ግን አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም። 

ገና ምሳ እየቀረበ ነበር። አበባውን በሁለቱ ሴቶች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቆመች። ጋዲን ሳታስፈቅድ፣ ወረቀትም ሳትይዝ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ተናገረች።

«ባለፈው ስለ ጥርስ የነገርኳችሁ ውሸት ነው። እንዲህ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም። እናቴም አልነገረችኝም። እኔ ከራሴ ፈጠርኩት፣ እንድትስቁልኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ከእንግዲህ በዚህ አትቀልዱባት።»

ማንኪያዎች ቆሙ። ሙሪየል ጆሯቸው ላይ ያለውን መስሚያ እያስተካከሉ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ።

«እሺ፣ ታዲያ ለምንድን ነው የምትዞረው?» አሉ ሽሙኤል። በቀልድ አልነበረም፤ የምር ሊያውቁ ፈልገው ነው።

ኤሊሸቫ መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። ቢነገራቸው ሁሉም ያለቅሱ ነበር፣ ሽሙኤል ራሳቸው ተነሥተው ዓይናዲስን ያቅፏት ነበር፣ ኤሊሸቫም ይቅር ትባል ነበር። ማድ ቤቱ በር ላይ እናቷ ጭልፋ ይዛ ቆማ ታያታለች። ኤሊሸቫ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄን እኔ አልናገርም» አለች።

 ዋሽታ የመጣች ልጅ፣ አሁንም ደብቃ የምትሄድ ልጅ፤ እንደዚህ እያዩአት ነበር፣ እሷም አወቀችው። አንዲት ሴት «ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው» ስትል ተሰማት። ሪማ ግን ዓይናቸውን ከኤሊሸቫ ላይ አንሥተው የማድ ቤቱን በር አዩ፤ ቀጥሎ የራሳቸውን ግራ ትከሻ አዩ። ምን እንዳሰቡ ማን ያውቃል። ዳቦ ቆረሱና፣

«ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። ብሉ» አሉ ጮክ ብለው።

ማታ ቤት፣ ዓይናዲስ ቦርሳዋን እንዳስቀመጠች፣

«ምን አስፈለገሽ?» አለች። «እየረሱት ነበር እኮ። ራስሽን አዋረድሽ፣ እኔንም መልሰሽ አስታወስሽባቸው።»

ኤሊሸቫ አንገቷን ደፋች። ይህን አላሰበችውም ነበር።

«አያ ዘመዱ ነገረሽ» አለች እናቷ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ።»

ዓይናዲስ ቧንቧውን ከፈተች፣ ምንም ሳታጥብ መልሳ ዘጋችው።

«ምራቅ አጣሁ» አለች። «ዛሬም ድረስ አንዳንዴ አፌ ይደርቅብኛል።»

 ምስር ወጡን አሞቀች፣ ዳቦውን ቆረሰች፣ አቀረበች፣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች። ኤሊሸቫ ሳህኗን ይዛ ተነሥታ ወንበሯን ወደ እናቷ ጎን አመጣች።

«እማ። እዪኝ።»

«ምን ይሁን ብለሽ ነው?»

«እየበላሁ እዪኝ።»

«ተዪ ልጄ። ይሄ በአንድ ቀን አይሆንም።»

ኤሊሸቫ ዳቦውን በወጥ አጥቅሳ ይዛ ጠበቀች። ብዙ ቆየች። ዓይናዲስ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ የልጇን ጉልበት አየች። ከዚያ ዳቦውን የያዘውን እጅ። ዓይኗ ከእጁ ጋር አብሮ ወጣ፣ አገጩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አለፈ። ኤሊሸቫ ጎረሰች።

ዓይናዲስ የፊት ጥርሷን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«አልረገፈም» አለች።

እንድትስቅ ነበር ያለችው፤ ኤሊሸቫም ያንን ተረድታለች። መሳቅ ግን አልቻለችም። ጉርሻውን እናቷ እያየቻት አላመጠችው፣ እናቷ እያየቻት ዋጠችው።